አዲሱ መኪናዎ ደጋግሞ ሲበላሽ፦ በሌመን ሎው ለመጠየቅ እንዴት ይወሰናል?

በአሜሪካ አዲስ መኪና ገዝተው ገና ዓመት ሳይሞላ ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ ወደ ዲለሩ ጋራዥ የሚመላለሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። አንዳንዶቹ የተቀበላቸው ሠራተኛ በትሕትና ስላነጋገራቸው ብቻ «በሚቀጥለው ይስተካከላል» እያሉ ሕግ የሰጣቸውን ጊዜ ያሳልፋሉ። ሌሎቹ ደግሞ ነገሩ ሲመራቸው መኪናውን ለዚያው ዲለር በኪሳራ መልሰው፣ የቀረውን ዕዳ በአዲስ ብድር ላይ አስደምረው፣ ሌላ መኪና ይዘው ይወጣሉ። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ገዢው ነው። በሃምሳዎቹም ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ በተለምዶ ሌመን ሎው የሚባል ሕግ አለ፤ አምራቹ በቂ ዕድል ተሰጥቶት ሊጠግነው ያልቻለውን መኪና ገንዘቡን እንዲመልስ ወይም በሌላ እንዲተካ የሚያስገድድ ሕግ ነው። ሕጉ ሸማች የሚለው የገዛውን ወይም የተከራየውን ሰው እንጂ ዜጋውን ብቻ ስላልሆነ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ማንንም ከዚህ መብት ሊያስቀር አይገባም።

ጥያቄ ማቅረብ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ውሳኔ በመኪናው ብልሽት ክብደት ብቻ አይመሠረትም፤ ከዚያ ባላነሰ የሚመሠረተው በእጅዎ ባለው ወረቀትና በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። እጅግ የከፋ ብልሽት ያለበት መኪና ማስረጃ በማጣት ብቻ ሳይካስ ሊቀር ይችላል፤ መካከለኛ ብልሽት ያለበት ግን ወረቀቱ የተሟላና ጊዜው ያላለፈ ከሆነ ያሸንፋል። ስለዚህ ጉዳዩን ማሰብ መጀመር ያለብዎት ትዕግሥትዎ ሲያልቅ ሳይሆን ያው ብልሽት ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ነው።

ብልሽቱ ሕጉ የሚያውቀው ዓይነት ነው?

የግዛቶቹ ሕጎች በዝርዝራቸው ቢለያዩም በመሠረቱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ብልሽቱ በአምራቹ ዋስትና የሚሸፈን ሆኖ የመኪናውን አገልግሎት፣ ዋጋ ወይም ደኅንነት በጉልህ የሚቀንስ መሆን አለበት። በአውራ ጎዳና ላይ ድንገት ኃይል የሚያጣ ሞተር፣ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር የሚያንገጫግጭ ካምቢዮ፣ ሲረገጥ የሚከዳ ፍሬን፣ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት መሪ፣ ቻርጅ የማይቀበል የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውኃ የሚያስገባ ጣሪያ ከዚህ ውስጥ ይመደባሉ። በሩ ላይ የሚንኳኳ ፕላስቲክ ወይም አልፎ አልፎ ከስልክ ጋር አልገናኝ የሚል ሬዲዮ ግን፣ ለባለቤቱ የቱንም ያህል አስመራሪ ቢሆን፣ ብቻውን ይህን መስፈርት ሲያሟላ አይታይም። ሬዲዮው የኋላ ካሜራውን ጭምር የሚያጠፋ ከሆነ ነገሩ የደኅንነት ጉዳይ ይሆናልና ሲያመለክቱ ይህንኑ በግልጽ መናገር አለብዎት።

በግጭት፣ በአያያዝ ጉድለት ወይም ያለ አምራቹ ፈቃድ በተደረገ ለውጥ የመጣ ብልሽት አይካተትም። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚፈሩት ዘይት ውጭ ማስቀየርን ነው። ከ1975 ጀምሮ ያለው የፌዴራል የዋስትና ሕግ፣ ማግነሰን ሞስ የሚባለው፣ አምራቹ «መደበኛውን ሰርቪስ እኔ ዘንድ ካላስደረግህ ዋስትናህ ይቀራል» እንዳይል በመርሕ ደረጃ ይከለክላል። ስለዚህ የዘይት ቅያሪውን ሰፈርዎ ያለ ጋራዥ ቢሠራውም ችግር የለውም፤ ችግር የሚሆነው ደረሰኙ ከሌለ ነው። ቀኑና የተጓዘው ማይል የተጻፈበት ደረሰኝ ካለ «ዘይት ሳይቀይር ነድቶ ሞተሩን አቃጠለው» የሚለው መከራከሪያ ይወድቃል።

ቁጥሩና የጊዜ ገደቡ

ሕጎቹ «በቂ የጥገና ዕድል ተሰጥቷል» ብለው የሚገምቱባቸው ቁጥሮች ከግዛት ግዛት ይለያያሉ። የእኛ ሰዎች በብዛት የሚኖሩባቸውን ለምሳሌ እንመልከት።

በቨርጂኒያ የመብቱ ዘመን መኪናው ከተረከቡበት ቀን አንሥቶ 18 ወር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያው ብልሽት ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ለጥገና ቀርቦ ካልተስተካከለ፣ ከባድ የደኅንነት ብልሽት ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ቀርቦ ካልተስተካከለ፣ ወይም መኪናው በድምሩ 30 የቀን መቁጠሪያ ቀናት ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ ግምቱ ለእርስዎ ይሆናል። አምራቹ ግን ችግሩን በጽሑፍ ሊያውቀው ይገባል፤ ካላወቀ ከ15 ቀን የማይበልጥ አንድ ተጨማሪ የመጠገን ዕድል ይሰጠዋል። በሜሪላንድ ዘመኑ 24 ወር ወይም 18,000 ማይል ነው፤ የሚቆጠረውም ቀድሞ የሚሞላው ነው። አራት የጥገና ሙከራ ወይም 30 ቀን ያስፈልጋል፤ የፍሬን ወይም የመሪ ብልሽት ሆኖ መኪናው የግዛቱን የደኅንነት ምርመራ የማያልፍ ከሆነ አንድ ሙከራ ይበቃል። ለአምራቹ የሚላከው ማስታወቂያ የመቀበያ ማረጋገጫ ባለው የአደራ ደብዳቤ መሆን አለበት። ዋሽንግተን ዲሲም እንዲሁ ሁለት ዓመትን ወይም 18,000 ማይልን መለኪያ አድርጎ አራት ሙከራን ወይም 30 ቀንን ይቆጥራል።

ካሊፎርኒያ በ18 ወር ወይም በ18,000 ማይል ውስጥ አራት ሙከራን፣ ለሞት ወይም ለከባድ የአካል ጉዳት ሊዳርግ ለሚችል ብልሽት ሁለት ሙከራን፣ አለዚያም ከ30 ቀን በላይ በጋራዥ መቆየትን ያስቀምጣል። ይህ ገደብ ግን ግምቱ የሚሠራበት ዘመን እንጂ መብቱ ራሱ የሚያበቃበት አይደለም፤ ከ18,000 ማይል በኋላ የተነሣ ብልሽትም በዋስትናው ዘመን ውስጥ እስከሆነ ድረስ ሊጠየቅበት ይችላል። በሌላ በኩል በ2024 የወጣውና በ2025 የተሻሻለው የግዛቱ ሕግ፣ አዲሱን ሥርዓት በመረጡ አምራቾች ላይ የሚቀርብ ክስ ዋስትናው ካበቃ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ያም ሆኖ መኪናው መጀመሪያ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ ስድስት ዓመት ሳያልፍ እንዲቀርብ ያስገድዳል። የእርስዎ መኪና አምራች በዚህ ሥርዓት ውስጥ መግባት አለመግባቱን መጀመሪያ ማጣራት ያስፈልጋል። ሚኒሶታ 30 ቀኑን የሚቆጥረው በሥራ ቀናት ስለሆነ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ቴክሳስ ጉዳዩን የሚያየው በሞተር ተሽከርካሪ መሥሪያ ቤቱ በኩል ሲሆን፣ ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ሥር ያለ ነጻ የግልግል ሥርዓት አለው።

በዲሲ አካባቢ የሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ማንሣት አለበት። በሜሪላንድ እየኖረ በቨርጂኒያ መግዛት የተለመደ ስለሆነ የትኛው ግዛት ሕግ እንደሚሠራ አስቀድሞ መለየት አለበት። የሜሪላንድ ሕግ የሚመለከተው በሜሪላንድ የተመዘገበን መኪና ነው፤ የካሊፎርኒያው ደግሞ በመደበኛነት በካሊፎርኒያ የተገዛውን ይጠይቃል። ሕጎች ስለሚሻሻሉም የመጨረሻ እርምጃ ከመውሰድዎ በፊት በግዛትዎ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ክፍል የወቅቱን ቁጥር ያረጋግጡ።

በመኪናው የሚሠሩበት ከሆነ

ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ስለሆኑ ይህ ክፍል ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያ ማይሉ በፍጥነት ያልቃል። በሳምንት 1,000 ማይል የሚነዳ ሰው የሜሪላንድን 18,000 ማይል በ18 ሳምንት ይጨርሰዋል፤ በወረቀት ላይ ሁለት ዓመት የሚመስለው መብት ለእርሱ ከአምስት ወር ያነሰ ነው ማለት ነው። እንዲህ ላለ ሰው «ሥራ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ሲመጣ አሳየዋለሁ» ማለት መብቱን እንደ መተው ይቆጠራል።

ሁለተኛው የአጠቃቀሙ ዓይነት ነው። ብዙ ግዛቶች ሕጉን የሚያውሉት ለግል፣ ለቤተሰብ ወይም ለቤት አገልግሎት ለዋለ መኪና ነው። የቨርጂኒያው ድንጋጌ «በጉልህ ክፍሉ» ለእነዚህ አገልግሎቶች የዋለ ይላል፤ ይህም በትርፍ ሰዓቱ ተሳፋሪ የሚያመላልስ፣ በቀረው ጊዜ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ የሚሄድበት ሰው የሚከራከርበት ቦታ እንዳለው ያሳያል። ቀኑን ሙሉ ለሥራ ብቻ የሚውል መኪና ግን እዚያ ደካማ ጉዳይ ነው። በካሊፎርኒያ ለንግድ በዋናነት የዋለ መኪናም ቢሆን አጠቃላይ ክብደቱ ከ10,000 ፓውንድ በታች ከሆነና ባለቤቱ በግዛቱ ያስመዘገባቸው ተሽከርካሪዎች ከአምስት ካልበለጡ ሽፋን ያገኛል። ስለ አጠቃቀሙ ሲጠየቁ እውነቱን ይናገሩ፤ በኡበር ወይም በሊፍት የስልክ መተግበሪያ የጉዞ ታሪክ በኩል በቀላሉ ሊረጋገጥ የሚችል ነገር መደበቅ ጥሩውን ጉዳይ ያበላሻል።

ሦስተኛው የስሙ ጉዳይ ነው። ክሬዲት ገና ያልሠራ ሰው መኪናውን በወንድሙ ወይም በአክስቱ ስም መግዛቱ በመካከላችን የተለመደ መረዳዳት ነው፤ ነገር ግን ውሉን የፈረመው ሰው ነው በሕግ ፊት ገዢ። እርስዎ እየከፈሉና እየነዱ ቢሆንም፣ ጥያቄው የሚቀርበው በእርሱ ወይም በእርሷ ስም ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ጋራዥ ከመመላለስ ጀምሮ ዘመድዎ ነገሩን እንዲያውቁትና ለመፈረም ፈቃደኛ እንዲሆኑ ከወዲሁ ይነጋገሩ።

የጥገናው ወረቀት

እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንድመክር ብጠየቅ የምመክረው ስለ ጥገናው ወረቀት ነው። መኪናው ለዲለሩ ጋራዥ በተሰጠ ቁጥር ሁለት ወረቀት ይወጣል፤ አንዱ ሲያስረክቡ የእርስዎ አቤቱታ የሚመዘገብበት፣ ሌላው ሲረከቡ ምን እንደተገኘና ምን እንደተሠራ የሚገልጽ። ወደፊት ጉዳዩን የሚያይ ዳኛ፣ ገላጋይ ወይም የአምራቹ ጠበቃ መኪናዎን ነድቶ አያየውም፤ የሚያነበው ይህንን ወረቀት ነው።

ስለዚህ ሲያስረክቡ ሠራተኛው የጻፈውን ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡት። እርስዎ «በ60 ማይል ፍጥነት ስነዳ ሞተሩ ኃይል አጥቶ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ፤ ይህ ሲሆን ሦስተኛው ነው» ብለው ነግረውት እርሱ «ደንበኛው አጠቃላይ ምርመራ ጠየቀ» ብሎ ከጻፈ፣ ያ ጉብኝት በኋላ እንደ ጥገና ሙከራ ለመቆጠሩ ክርክር ይነሣበታል። በእርስዎ ቃል እንዲታረም በትሕትናና በጽናት ይጠይቁ። እንግሊዝኛው የሚከብድዎ ከሆነ ችግሩን ቤት ሳሉ በሦስት ወይም በአራት አጭር ዓረፍተ ነገር አስጽፈው ይሂዱና ወረቀቱን ይስጡት፤ ቅጂውም ከጥገና ወረቀቱ ጋር እንዲያያዝ ይጠይቁ። ልጆችን አስተርጓሚ አድርጎ ማቆም ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገው ነገር ቢሆንም፣ የአሥር ዓመት ልጅ ካምቢዮና ሞተር ለይቶ እንዲያስረዳ መጠበቅ ለልጁም ለጉዳዩም ከባድ ነው። በየጉብኝቱ ለተመሳሳይ ችግር ተመሳሳይ ቃል መጠቀምም ይረዳል፤ አንድ ጊዜ «ይንቀጠቀጣል»፣ ሌላ ጊዜ «ድምፅ ያሰማል»፣ ሦስተኛ ጊዜ «ከባድ ነው» ከተባለ አምራቹ ሦስት የተለያዩ ትናንሽ ችግሮች እንጂ አንድ ያልተጠገነ ብልሽት የለም ሊል ይችላል።

«ችግሩን ማየት አልቻልንም» ተብሎ መኪናው ከተመለሰልዎ ባዶ እጅዎን አይውጡ። ምንም ባይሠራም ወረቀቱ ይሰጥዎ፤ የገባበትና የወጣበት ቀን፣ ማይሉ፣ ያመለከቱት ችግር ተጽፎበት። በሚቀጥለው ጊዜ ብልሽቱ ሲታይ ከጎንዎ የተቀመጠ ሰው በስልክ እንዲቀርጸው ያድርጉ፤ እየነዱ ራስዎ አይቅረጹ። ከመካኒኩ ጋር አብሮ መንዳት እንዲፈቀድልዎም መጠየቅ ይችላሉ። መለዋወጫ ከሩቅ እስኪመጣ መኪናው ጋራዥ የቆመባቸው ቀናት፣ ምትክ መኪና ተሰጥቶዎትም ቢሆን፣ ከአገልግሎት ውጭ የሆነባቸው ቀናት ናቸውና ይቁጠሯቸው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ በማኅበረሰባችን ብዙ ጉዳይ የሚያበላሽ ልማድ አለ። መኪናው ሲበላሽ የሚታወቅ ወዳጅ መካኒክ ዘንድ ወስዶ ማሳየት ነው። የወዳጅ ምክር ዋጋ አለው፤ ብልሽቱ ከባድ መሆኑን ለማወቅም ይጠቅማል። ነገር ግን በሌመን ሎው የሚቆጠረው የጥገና ሙከራ በአምራቹ ወይም በወኪሉ፣ ማለትም ምርቱን እንዲጠግን ሥልጣን በተሰጠው ዲለር የተደረገው ነው። ወዳጅዎ ፈትቶ ከገጠመው ግን አምራቹ ብልሽቱን በእርሱ ሊያላክክ ይችላል። ይመልከተው እንጂ አይንካው።

በዚሁ አጋጣሚ ባለ 17 ምልክት የሆነውን የመኪናዎን መለያ ቁጥር በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን ድረ ገጽ ላይ በነጻ አስገብተው ያልተሠራ ሪኮል፣ ማለትም አምራቹ የታወቀ ጉድለትን በነጻ ለመጠገን የሚያወጣው ጥሪ፣ መኖሩን ይመልከቱ። ሪኮል መኖሩ ብቻውን የሌመን ሎው መብት አይሰጥም፤ ሆኖም ብልሽቱ ከፋብሪካ የመጣ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። አምራቹ ለመካኒኮቹ የሚልካቸው የቴክኒክ መግለጫዎችም እንዲሁ።

ገንዘቡን ማስላት

ጥያቄው ከተሳካ አምራቹ በመደበኛነት የከፈሉትን ቅድመ ክፍያ፣ እስካሁን የከፈሉትን ወርኃዊ ክፍያ፣ ግብርና የምዝገባ ወጪ ይመልሳል፤ የቀረውን ዕዳ ለአበዳሪው ይከፍላል። ከዚህ ላይ ያለ ችግር ለተጠቀሙበት ጊዜ ተቀናሽ ያደርጋል። የካሊፎርኒያው ስሌት ግልጽ ስለሆነ በእርሱ እናሳይ፤ መኪናውን ለዚያ ብልሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥገና ሲያቀርቡ የነበረው ማይል ለ120,000 ይካፈልና በመኪናው ዋጋ ይባዛል። በ36,000 ዶላር የተገዛ መኪና መጀመሪያ በ5,000 ማይል ከቀረበ ተቀናሹ 1,500 ዶላር ነው። ያው ብልሽት እየታየ ባለቤቱ ዝም ብሎ ቆይቶ በ20,000 ማይል ካቀረበው ተቀናሹ 6,000 ዶላር ይሆናል። የ4,500 ዶላር ልዩነት የመጣው ከመዘግየት ብቻ ነው። አሁን የደረሰበት ማይል በዚህ ስሌት ውስጥ እንደማይገባም ልብ ይበሉ፤ ጉዳዩ እስኪያልቅ መንዳትዎ ብቻውን ተቀናሹን አያሳድገውም። ሌሎች ግዛቶች የራሳቸው ስሌት አላቸው።

ከቀድሞ መኪናዎ የተረፈ ዕዳ በአዲሱ ብድር ላይ ተደምሮ ከሆነ ያ ክፍል እንደሚመለስ አይጠብቁ፤ ይህ ከታወቀ ወዲህ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ገንዘብ በጣም ይቀንሳል። አምራቹ ከመመለስ ይልቅ መኪናውን ይዘው እንዲቀሩ ጥሬ ገንዘብ ወይም የተራዘመ ዋስትና ሊያቀርብም ይችላል። ብልሽቱ አሁን በእርግጥ ተስተካክሎ ከሆነና መኪናውን ከወደዱት ይህ ጥሩ ስምምነት ሊሆን ይችላል፤ ፍሬኑ የሚከዳ መኪና ላይ ግን የትኛውም የገንዘብ መጠን ቤተሰብዎን ይዘው እንዲነዱት ሊያሳምንዎ አይገባም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የባንኩን ወርኃዊ ክፍያ አያቋርጡ። አበዳሪው ከብልሽቱ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ክፍያው ከተቋረጠ መኪናውን ይወስዳል፣ ክሬዲትዎ ይበላሻል፣ ዋናው ማስረጃ የሆነው መኪናም ከእጅዎ ይወጣል።

ወደ ጥያቄው ሲገቡ

ብልሽቱ ከባድ፣ ሙከራው ግዛትዎ የሚጠይቀውን ያሟላ ወይም አንድ ብቻ የጎደለው፣ ዘመኑም ያላለፈ ከሆነ ለአምራቹ በቀጥታ ይጻፉ። ለዲለሩ መንገር ለአምራቹ መንገር አይደለም። አድራሻው ከመኪናው ጋር በተሰጠዎ የዋስትና ደብተር ውስጥ ይገኛል። ደብዳቤው የመኪናውን መለያ ቁጥር፣ የተገዛበትን ቀን፣ እያንዳንዱን የጥገና ቀንና ማይል፣ ያልተስተካከለውን ብልሽት፣ ገንዘብ ወይም ምትክ መኪና ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈልጉ በአንድ ገጽ ይግለጽ። የወረቀቶቹን ቅጂ ይላኩ፤ ዋናውን ቤትዎ ያስቀምጡ።

ያንኑ የዋስትና ደብተር ሲያነቡ ክስ ከመመሥረትዎ በፊት አምራቹ ባቋቋመው የግልግል መርሐ ግብር እንዲያልፉ የሚያዝ አንቀጽ መኖሩን ይመልከቱ። በፌዴራሉ ደንብ መሠረት የሚሠራ መርሐ ግብር በመደበኛነት በ40 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፤ ውሳኔውን ካልወደዱት እርስዎን አያስርም፤ ነገር ግን በፍርድ ቤት በማስረጃነት ሊቀርብብዎ ይችላል። ወረቀት ሳያሟሉ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ መግባት በዚህ ምክንያት ጥሩ አይደለም።

ጠበቃን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ወጪውን ፈርቶ ነገሩን ይተወዋል። ማግነሰን ሞስም ሆነ እንደ ቨርጂኒያና ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ሕጎች ሸማቹ ካሸነፈ የጠበቃውን ክፍያ አምራቹ እንዲሸፍን ስለሚፈቅዱ፣ በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ ብዙ ጠበቆች ከደንበኛው ቅድመ ክፍያ አይጠይቁም። ቢሆንም ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ከሚመለሰው ገንዘብ ላይ ጠበቃው የሚወስደው ድርሻ መኖር አለመኖሩን፣ ብንሸነፍ የፍርድ ቤትና የባለሙያ ወጪ የማን እንደሆነ፣ ጉዳዩን መሃል ላይ ቢተዉት ምን እንደሚጠየቁ። ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅዎ ካለ ሌላ ሁለት ጠበቃ ያነጋግሩ። ስንት ሙከራ እንደተደረገና በስንት ቀን ውስጥ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ገጽ ይዘው ከሄዱ ልምድ ያለው ጠበቃ በመጀመሪያው ውይይት ጉዳዩ ይቆማል ወይም አይቆምም ብሎ ሊነግርዎ ይችላል።

መኪናው ያገለገለ ከሆነ

እዚህ ላይ መብቱ በጣም ይጠባል። ኒው ዮርክ፣ ማሳቹሴትስና ሚኒሶታ ዲለሩ ለሸጠው ያገለገለ መኪና በማይሉ መጠን የተወሰነ ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳሉ፤ ለምሳሌ በሚኒሶታ ከ36,000 ማይል በታች ለሆነ 60 ቀን ወይም 2,500 ማይል፣ ከዚያ በላይ እስከ 75,000 ማይል ለሆነ 30 ቀን ወይም 1,000 ማይል። በካሊፎርኒያ ያገለገለ መኪና ከአምራቹ ዋስትና የተረፈ ጊዜ ስላለው ብቻ እንደ አዲስ መኪና እንደማይቆጠር የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥቅምት ወር 2024 ወስኗል። የተረፈ የአምራች ዋስትና ካለ በማግነሰን ሞስ በኩል መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ጠበቃ ያማክሩ። በዲለር የሚሸጥ ያገለገለ መኪና መስኮት ላይ የሚለጠፈው የገዢ መምሪያ «ባለበት ሁኔታ፣ ያለ ዋስትና» የሚለው ሳጥን ምልክት ከተደረገበት፣ ሻጩ በአፍ የገባው ቃል ሁሉ ብዙም አይረዳም። ከግለሰብ የተገዛ ከሆነ ደግሞ የሌመን ሎው ጥያቄ በአብዛኛው የለም፤ የማጭበርበር ማስረጃ ካለ ብቻ በሌላ ሕግ ይታያል።

ስምምነቱን ሲፈርሙ

አምራቹ ለመመለስ ከተስማማ የሚላከውን የስምምነት ጽሑፍ ጠበቃ ባይኖርዎም ሳይቸኩሉ ቁጥር በቁጥር ያመሳክሩ፤ ቅድመ ክፍያው፣ ወርኃዊው፣ ግብሩ፣ ተቀናሹ የተሰላበት ማይል። ከዲለሩ የገዙት የተራዘመ ዋስትና ወይም የጋፕ ኢንሹራንስ (መኪናው ቢወድም ከካሳው በላይ የቀረውን የብድር ዕዳ የሚሸፍነው) ካለ ያልተጠቀሙበት ክፍል ለማን እንደሚመለስ ይጠይቁ። መኪናውን የሚያስረክቡበት ቀን እስኪደርስ ኢንሹራንሱን አያቋርጡ፤ በዚያ ቀንም የማይሉን ማሳያና የመኪናውን አራት ጎን ፎቶ ያንሡ፤ መረከባቸውን የሚገልጽ ፊርማ ያለበት ወረቀት ይቀበሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት አበዳሪው ዕዳው ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን በጽሑፍ እስኪያረጋግጥልዎና በክሬዲት ሪፖርትዎ ላይ በትክክል እስኪታይ ድረስ ፋይሉን አይዝጉ።